ማቀባበል የማይፈልግ ሽጉጥ

እትዬ ጠዋት ከሥራ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው «እኔ ነኝ!» ማለት የጀመሩት ሽጉጡ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቁልፋቸውን አዙረው፣ ጫማቸውን ኮሪደሩ ላይ አውልቀው፣ ማንንም ሳይቀሰቅሱ ወደ መኝታቸው ያልፉ ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሺፍት የሚሠሩ ሴት ናቸውና ኮቴ ማጥፋት ያውቁበታል። አሁን ግን ቁልፉን ከማዞራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። በሩን ገርበብ አድርገው «እኔ ነኝ!» ይላሉ። ኮሪደሩ መሀል ላይ ይደግሙታል። መኝታ ቤቱ በር ሲደርሱ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ነኝ፣ አንተ ሰውዬ። እኔው ነኝ» ይላሉ።

ከውስጥ «እሺ» የሚል ድምፅ እስኪሰሙ ድረስ አይገቡም።

እኔ የእነሱ ተከራይ ነኝ። ቤቱ ኧርቪንግ የምትባል ከተማ ውስጥ ነው፤ አውሮፕላኖቹ ጎማቸውን አውርደው የሚያልፉበት መስመር ሥር። ክፍሌ ከመግቢያው አጠገብ ስለሆነች ይህን ሁሉ እሰማለሁ። ኤርፖርት ውስጥ የሻንጣ ማመላለሻ ቀበቶዎችን እጠግናለሁ። የጠዋት ሺፍት ስለሆንኩ እትዬ ሲገቡ እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነው።

ባለቤታቸውን ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ሰሜን ውስጥ ጠብመንጃ ተሸክመው ብዙ ተራራ ወጥተው ወርደዋል፤ ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን እዚህ። አሁን የሆቴል ቫን ይነዳሉ፤ እንግዶችን ከኤርፖርት ያነሳሉ፣ ወደ ኤርፖርት ይመልሳሉ። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች በድሮ ቁስል ምክንያት እንደ ልብ አይታጠፉም። ከሁለቱ አንዷ ምላጭ የምትስበዋ ናት። ይህ ነገር ኋላ ላይ ጉዳይ ሆነ።

ሽጉጡን የገዙት ወደ ሌላ ስቴት ከሚዛወር የሥራ ባልደረባቸው ነው። የጎረቤታችን ጋራዥ ተሰብሮ መሣሪያዎቹ የተሰረቁ ሰሞን ነበር። ጋሼ አንድ ቀን ወረቀት ከረጢት ይዘው ገቡ፤ ከራት በኋላ ከረጢቱ የለም፤ በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት እትዬ «እኔ ነኝ!» አሉ። ማንም ምንም አልነገረኝም። ግን ገባኝ።

*

እኔም ያገለገሉ ሪቮልቨሮች፣ ባለ ከበሮ ሽጉጦች፣ እገዛለሁ። ብዙ አይደሉም። አንዷን ገዝቼ፣ ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ የጎደላትን ሞልቼ፣ እንደ አዲስ ስትሠራ ካላየሁ ሁለተኛ አልገዛም። ማንም አላስተማረኝም። የድሮ መመሪያ መጻሕፍት አነባለሁ፣ የሠራተኞችን እጅ በቪዲዮ እያቆምኩ አያለሁ፣ የማላውቀውን ሳላውቅ አልነካም።

የመጀመሪያዋን ያገኘኋት ቤድፎርድ ውስጥ ባለ ፓውን ሾፕ፣ ሰው ዕቃ አስይዞ በሚበደርበት ሱቅ ነው፤ ከጊታርና ከወርቅ ቀለበት ጎን፣ መስታወት ሥር። ሻጩን አስፈቅጄ ከበሮውን ወደ ጎን አወጣሁ። ከበሮ የምለው ጥይቶቹ የሚቀመጡበትን፣ የሚሽከረከረውን ክፍል ነው። ባዶ መሆኑን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ጥይት የሚገባባቸውን ስድስቱንም ጎሬዎች አንድ በአንድ በጣቴ ጫፍ ነካሁ። ዓይን ማየት የፈለገውን ያያል፤ ጣት እንደዚያ አይደለችም። ቀጥሎ ብሎኖቹን አየሁ። የብሎኑ ቦይ የተላጠ ከሆነ፣ ልኩ ባልሆነ ካቻቢቴ አንድ ሰው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ገብቶ ምን እንዳደረገ አይታወቅም። ከዚያ ከበሮውን መልሼ፣ በአንድ ጣት ቀስ አድርጌ እየተጫንኩት፣ ጥይቱን የምትመታውን መዶሻ በአውራ ጣቴ በጣም በዝግታ ወደ ኋላ ሳብኩ። ጤነኛ ከሆነች መዶሻዋ መጨረሻዋ ላይ ከመድረሷ በፊት ከበሮው ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ስድስት ጊዜ፣ ለስድስቱም ጎሬዎች።

ሻጩ ክርኑን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ያየኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ ልታገባት ነው እንዴ?» አለ።

«አይ፣ አሁን ገና ሽምግልና ላይ ነኝ» ብዬ ብመልስለት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል አልመጣልኝም። ሰባተኛ ጊዜ ሳብኩ።

ያቺ ሽጉጥ እስካሁን አለች። ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ናት፤ ጥይቷ ሌላ ሣጥን ውስጥ ነው። በዚህ አገር በጋ ላብ ያለበት ጣት ብረት ላይ ሲያርፍ በማግስቱ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ነክቻት ካስቀመጥኩ ሁልጊዜ ዘይት በነካ ጨርቅ እወለውላታለሁ። ጨርቁ እርጥብ መምሰል የለበትም። ዘይት ብዙ ሲሆን አቧራ ይጠራል፤ አቧራና ዘይት ተደባልቀው ጭቃ ይሆናሉ።

የሥራ ጠረጴዛዬ ጋራዡ ውስጥ፣ ከእትዬ ፍሪዘር አጠገብ ነው። ጋሼ ቦታውን የሰጡኝ ሳልጠይቃቸው ነው። «ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ያስፈልገዋል» አሉና የራሳቸውን ዕቃ ወደ ጥግ ገፉት። ይህን አልረሳም።

*

አንድ ቅዳሜ ከረጢቱን ይዘው ወደ ጋራዡ መጡ። ሽጉጡን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ አፈሙዙን ወደ ፍሪዘሩ አዙረው አስቀመጡት።

«እስቲ ይችን እያት» አሉ። «ምላጯ ከበደችኝ። አቅልልልኝ።»

«ጥይት አለባት፣ ጋሼ?»

«ታዲያ ባዶ ብረት አቅፌ ልደር? አትፍራ፤ አልተቀባበለም።»

እጄን ሰደድኩና ከበሮውን ከፈትኩት። ስድስት ጥይት። አወጣኋቸው፤ ስድስቱንም ጎሬ በጣቴ ነካሁ፤ ጥይቶቹን መደርደሪያው ላይ፣ ከእጃችን ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ይቺ ማቀባበል አትፈልግም» አልኩ።

ሳቁ። «ማቀባበል የማይፈልግ መሣሪያ አልተፈጠረም።»

«ሪቮልቨር ሲሆን ማለቴ...»

«አንተ መሣሪያ ያወቅከው ከስልክ ነው። እኔ ክላሽ ዓይኔን ታስሬ ፈትቼ እገጥም ነበር። በጨለማ! ዝናብ እየመታኝ! ይልቅ የምልህን አድርግ። ምላጩ ይቅለል። ጣቴን ታያታለህ፤ የመጣ ነገር ቢመጣ እምቢ ትለኛለች።»

አሁን ነገሩን ግልጽ ላድርግ፤ መጠንቀቅ ያለብኝ ምን ላይ እንደሆነ የገባኝ በዚያ ደቂቃ ነው። ጋሼ በሚያውቁት ጠብመንጃ ካዝናው ጥይት ቢሞላም፣ እጀታውን ወደ ኋላ ስበው አንዱን ጥይት ወደ አፈሙዙ ቤት ካላስገቡት ምላጩን ቢስቡ ምንም አይሆንም። ያ ነው ማቀባበል። ሕይወታቸውን ሙሉ «አልተቀባበለም» ማለት «ተኛ፣ ሰላም ነው» ማለት ነበር፤ ጓዶቻቸውም እሳቸውም በዚያ ሕግ ጎን ለጎን ተኝተው አድረዋል። ሪቮልቨር ግን እንዲህ አይደለም። ጥይቶቹ ቀድሞውኑ ቤታቸው ገብተዋል። ምላጩን መሳብ ብቻውን ከበሮውን ያዞራል፣ መዶሻዋን ያነሳል፣ መዶሻዋን ይለቃል። ያላት ብቸኛ መቆለፊያ ረጅምና ከባድ ምላጯ ነው። ጋሼ ያንን መቆለፊያ እንድፈታላቸው ነበር የሚጠይቁኝ። ፈትቼላቸው፣ አልጋቸው አጠገብ ያለው መሳቢያ ውስጥ ያስገቡታል። ከዚያ ጠዋት በር ይከፈታል። የሚከፍቱት እትዬ ናቸው።

«መጀመሪያ ውስጧን ልያት» አልኩ። «ይቆይልኝ።»

«ስንት ቀን?»

«እስኪያልቅ።»

ጢማቸውን እያሻሹ አዩኝ። «ልጁ ቃል ቆጣቢ ነው» ብለው ወጡ።

*

የሰው ሽጉጥ በክፍያ ለመጠገን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እኔ የለኝም፤ ስለዚህ ከራሴ ውጪ ነክቼ አላውቅም። ይቺን የነካሁት የምኖርበት ቤት ውስጥ ስላለች ነው፤ ነገም እዚሁ ቤት ውስጥ ስለምታድር።

የጎን ክዳኗን ስከፍት ጥቁር ጭቃ ሆና ጠበቀችኝ። ጋሼ የቫናቸውን የሞተር ዘይት አፍስሰውባት ነበር። በረሃ ላይ የተገኘ ዘይት ሁሉ ዘይት ነበረ፤ ልማዱ አብሯቸው መጥቷል። ዘይቱ ከመሳቢያው የካልሲ ብናኝ ጋር ተጋግሮ ሞላዎቹን ይዟቸዋል። ግማሹ የምላጩ ክብደት ጭቃው ነው። አጠብኳት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኳት፣ አደረቅኳት። ከዚያ ያን የዘገምተኛ ሙከራዬን ጀመርኩ። ባዶ ቀለሃዎች አስገባሁ፤ በባዶ ጎሬ ከሆነ ከበሮው ጀርባ ያለው ኮከብ መሳይ ማዞሪያ ትንሽ ስለሚወዛወዝ ሊያሳስት ይችላል። መዶሻዋን በዝግታ ሳብኩ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። አራተኛው ላይ መዶሻዋ መጨረሻዋ ደረሰች፤ ከበሮው አልተቆለፈም።

ደገምኩት። አራተኛው አሁንም አልተቆለፈም። ትንሽ ይቀረዋል፤ የፀጉር ያህል። የፀጉር ያህል ማለት ግን ጥይቱ ከአፈሙዙ ጋር ሳይገጥም ይተኮሳል ማለት ነው፤ ጠርዙ የጥይቱን እርሳስ ይልጥና ፍንጣሪው ወደ ጎን፣ ወደ ተኳሹ እጅና ፊት ይረጫል። ጎሬውን በነጭ ቀለም ምልክት አደረግኩበት።

በማግስቱ እሁድ ነበር። እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ውስጥ ያዙኝ።

«ያ ነገር አንተ ጋ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ተበላሽቷል አሉ?»

«አንድ በኩል ተበላሽቷል።»

«እሰይ። አትጠግነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማለቴ፣ አልተገኘም በለው። ዕቃው ከቻይና ነው የሚመጣ በለው። እሱ ምን ያውቃል? አንድ ዓመት ጠይቆህ ይተወዋል።»

ሐሳቡ ከእኔም ራስ ውስጥ አልፎ ነበር።

«ስድስት ጎሬ አላት» አልኳቸው። «የተበላሸው አንዱ ነው። አምስቱ ደኅና ናቸው። ተበላሸ ብዬ ብመልሳት ተበላሽታም ትተኩሳለች፣ እትዬ። ከዚያ በላይ ደግሞ ጋሼን ራሳቸውን ትጎዳለች። እኔ ካልሠራሁት ሌላ ጋ ይወስዷታል። ሌላው ሰው ጥያቄ አይጠይቅም፤ ሞላዋን ቆርጦ አቅልሎ ይሰጣቸዋል።»

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«እሠራታለሁ። ግን ካልገባቸው አልሰጣቸውም።»

ከት ብለው ሳቁ። «አንተ? ለእሱ? እኔ በስንት ዓመት ትዳር ጨው ማብዛቱን ማስረዳት ያልቻልኩትን ሰውዬ?» ከዚያ ሳቃቸው ቆመ፤ የነጠላቸውን ጠርዝ በጣታቸው ጠቀለሉት። «ጠዋት በሩን ስከፍት ልቤ እዚህ ነው የምትመታው» አሉና ጉሮሯቸውን ነኩ። «አስራ ሁለት ሽማግሌ ገልብጬ አጥቤ መጥቼ፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ እንደ ፖስተኛ ማንነቴን እናገራለሁ።»

ያን ሳምንት ግን፣ ሽጉጧ ጋራዥ ስለነበረች፣ ጠዋት ሲገቡ ወደ እኔ በር ብቅ ብለው በዓይናቸው ይጠይቁኝ ነበር። «ገና ነው» ስል «ተመስገን» ብለው በዝምታ ያልፋሉ። ጉሮሮ መጥረግ የለም፤ «እኔ ነኝ» የለም። ኮሪደሩ ምን ያህል ጸጥ ሊል እንደሚችል ረስቼው ነበር።

*

ከበሮውን እየገፋች የምታዞረው ትንሽ የብረት ጣት አለች። ችግሩ እሷ ነበረች፤ ከብዙ ዓመት አገልግሎት ጠርዟ ተበልቷል። ያገለገለ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ዴንተን ውስጥ ስላለ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እዚያ ነዳሁ። ተማሪዎች በብስክሌት የሚርመሰመሱበትን ሰፈር አልፎ፣ ከኋላ መንገድ ላይ ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። ሰውዬው ሞዴሏን ሲሰማ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ትንንሽ ብረት ፊቴ አፈሰሰልኝ። ስመርጥ ቆየሁ። ጥቂት ወፈር ያለችዋን ወሰድኩ፤ ወፍራሙን ማሳነስ ይቻላል፤ ቀጭኑን ማወፈር አይቻልም።

ወፈር ያለችው ጣት መጀመሪያ ጭራሽ አትገባም። ዘይት በተቀባ መሳያ ድንጋይ ላይ ጥቂት ታስኬዳታለህ፣ ትጠርጋታለህ፣ ትገጥማታለህ፣ ትሞክራለህ፣ ትፈታታለህ። ሞረድ አልነካሁም፤ ሞረድ ይቸኩላል። አንድ ጊዜ አብዝተህ ካሳነስካት ወደ ዴንተን መመለስ ነው። ጋሼ ከሥራ ሲመጡ ቫናቸውን ፓርክ አድርገው በጋራዡ በኩል ይገቡ ነበር።

«ደረሰች?»

«ገና ናት፣ ጋሼ።»

«በዚህ ጊዜ ሴት ጥጥ ፈትላ፣ አሸምና፣ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች።»

«እውነት ነው።»

«እውነት ነው ይላል ደግሞ!» ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። ፈገግታቸው ሄዶ ነበር። «ስማ፤ ካልቻልክ አልቻልኩም በለኝ፣ አላዝንብህም። ፎርት ወርዝ የሚያቀልል ሰው እንዳለ ነግረውኛል፤ እዚያው እየጠበቅከው ነው የሚሠራው። ቅዳሜ ኦፍ ነኝ። ቅዳሜ ካልደረሰች እወስዳታለሁ።»

«ቅዳሜ ትደርሳለች» አልኩ።

«ቀላል ሆና?»

ብረቷን አንስቼ ድንጋዩ ላይ ማስኬድ ቀጠልኩ። መዋሸት አልፈልግም፤ እምቢ ማለት ደግሞ በእሳቸው ቤት፣ እሳቸው በሰጡኝ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ከባድ ነው። ካልተስማማን ቦታውንም ክፍሉንም ለቅቄ እንደምወጣ ለራሴ ነግሬ ነበር። የምወጣበትን ቦታ አላሰብኩትም። የሞላዋን ጉዳይ ግን ወስኛለሁ፤ አልቆርጣትም።

አርብ ምላጯ በሥርዓት ሠራች። ስድስቱም ጎሬ መዶሻዋ ሳትጨርስ ቀጭ ይላሉ። ቅዳሜ በጠዋት የተኩስ መለማመጃ ቦታ ወስጄ፣ መነጽርና የጆሮ መከለያ አድርጌ ተኮስኩባት። በመጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ አስገብቼ፣ ነጩ ምልክት ያለበት ጎሬ ላይ። ከዚያ ሁሉንም። ከከበሮው ጎንና ጎን ነጭ ወረቀት ወጥሬ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የባሩድ ጥላሸት እንጂ የእርሳስ ፍንጣሪ አልነበረም። ምላጯ ከበፊቱ ለስልሳለች፤ ከባድነቷ ግን ፋብሪካ እንደሰጣት ነው።

*

ቤት ስደርስ ጋሼ ጋራዡ ውስጥ ወንበር ስበው ተቀምጠው ጠበቁኝ። የቫኑን ቁልፍ ጣታቸው ላይ ያሽከረክራሉ። እትዬ ፍሪዘሩን ከፍተው የሚፈልጉትን ነገር ያጡ መስለው ቆመዋል።

«አለቀች?» አሉ ጋሼ።

«ጥገናው አልቋል። ፈትቼ አጽድቼ መግጠም ይቀረኛል።» እውነት ነበር፤ ከተኩስ በኋላ ለማጽዳት እዚያው ፊታቸው ፈታሁት። የጎን ክዳኑን አነሳሁ፤ የውስጡ ዕቃ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይታያል። ጥይት ጋራዡ ውስጥ እንደሌለ አረጋገጥኩ፤ ጎሬዎቹን በጣቴ ነካሁ፤ ከዚያ ጋሼንም አስነካኋቸው። «ክላሽ ዓይንዎን ታስረው ከገጠሙ» አልኩ፣ «ይቺን ዓይንዎን ገልጠው ቢያግዙኝ ምን አለበት?»

«እየተፈታተነኝ ነው እንዴ ይሄ ልጅ?»

እትዬ ከፍሪዘሩ ውስጥ፣ «መነጽርህን አድርግ መጀመሪያ» አሉ።

«አንቺ ሥጋሽን ፈልጊ!»

መነጽራቸውን አደረጉ። የእሳቸው ጣቶች ብረት ይወዳሉ፤ ያ በአንድ ጊዜ ይታያል። የሞላውን ጫፍ የት እንደሚቀመጥ ሳልነግራቸው አገኙት። ትንሿን ጣት አነሱና በብርሃን አዩዋት፤ «ይቺን ነው የቀየርካት?» አሉ፤ «ሥራህ ንጹህ ነው» አሉ። አመሰገንኳቸው። ክዳኑን ሳንመልስ ሽጉጡን እጃቸው ላይ አስያዝኳቸው፤ አፈሙዙን ጠረጴዛው ሥር ወዳለው የአሸዋ ባልዲ አዙሬ።

«አሁን ምላጩን በጣም በዝግታ ይሳቡልኝ። ውስጡን እያዩ።»

እንደ ልብ የማትታጠፈውን ጣታቸውን ምላጩ ላይ አኖሩ። ሳቡ። ክፍት በሆነው ጎን በኩል ትንሿ የብረት ጣት ተነሳች፣ ኮከቡን ገፋች፣ ከበሮው ዞረ። መዶሻዋ ማንም ሳይነካት ከፍ እያለች፣ ከፍ እያለች መጣች። ከዚያ ወደቀች። ቀጭ።

ጋሼ ቀና አላሉም። ደገሙት። መዶሻዋ ተነሳች፣ ወደቀች። በሦስተኛው አጋማሽ ላይ አቁመው፣ ከፍ ብላ የቆመችውን መዶሻ አጎንብሰው አዩዋት።

«ማን አቀባበለው?» አሉ።

«ጣትዎ ነው፣ ጋሼ።»

ቀስ ብለው ለቀቁት። መዶሻዋ ተመለሰች። አንድ አውሮፕላን ከላያችን አለፈ፤ የጋራዡ ቆርቆሮ በር ተንቀጠቀጠ፤ ጸጥ እስኪል ጠበቁ።

«እንግዲያው ይሄ» አሉ፣ «ሁልጊዜ ተቀባብሎ ነው የሚያድረው።»

ያን ቃል እኔ ብናገረው ኖሮ የልጅ ወሬ ይሆን ነበር።

ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጣታቸውን ግን በአየር ላይ እንደታጠፈች ያዟት፤ የሌላ ሰው ጣት ይመስል ያዩዋታል። «ባመጣኋት ሳምንት» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለእትዬ አላወቅኩም። «ጠዋት ነው። በሩ ሲከፈት በእንቅልፍ ልቤ እጄን መሳቢያው ውስጥ ሰደድኩ። አልተቀባበለም ብዬ ምላጩን ሳብ አደረግኩ... ጣቴ እዚህ ድረስ ሄዳ ነበር።» ጣታቸውን ትንሽ አጠፉ። «ከበደኝ። ለዚያ ነው ቀላል ይሁንልኝ ያልኩህ።»

እትዬ የፍሪዘሩን ክዳን ለቀቁት፤ ዱብ ብሎ ተዘጋ።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እኔ ነኝ ማለት የጀመርኩት» አሉ። «መኝታ ቤት ስገባ መሳቢያው ተከፍቶ አይቼዋለሁ። አንተ ተመልሰህ ተኝተህ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ አልተቀባበለም ትለኛለህ።»

ለረጅም ጊዜ ሲተዋወቁ የኖሩ ሰዎች ዝም ሲባባሉ ሦስተኛው ሰው ሥራ መፈለግ አለበት፤ እኔ ክዳኑን አንስቼ መግጠም ጀመርኩ። ብሎኖቹን ከረጅሙ ወደ አጭሩ፣ እያንዳንዱን በልኩ ካቻቢቴ፣ ሳላጠብቅ አንድ ዙር፣ ከዚያ ሁሉንም ጥቂት ጥቂት።

«ሶ፣ የፎርት ወርዙ ሰውዬስ?» አሉ እትዬ፣ እዚህ አገር ያደጉ ልጆችን አነጋገር አስመስለው።

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ» አሉ ጋሼ፤ ግን ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ወደ እኔ ዞሩ። «እንደከበደ ተወው።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ከዚህም በላይ ቢከብድ ያስኬዳል?»

«ይሄ ይበቃዋል። የቀረው የማስቀመጫው ነገር ነው።»

በዚያው ከሰዓት አብረን ወጥተን በቁልፍ የሚዘጋ ትንሽ የብረት ሣጥን ገዛን። እኔ በቁጥር የሚከፈተውን አሳየኋቸው፤ ቁጥር በድንጋጤ ይጠፋል ብለው እምቢ አሉ፤ ቁልፍ ያለውን መረጡ። ሣጥኑ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከአልጋው ማዶ ገባ፤ ጥይቶቹ ለብቻቸው። ሽጉጡን ለማግኘት ሰው መነሳት፣ መብራት ማብራት፣ ሁለት እግሩ ላይ መቆም አለበት። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ነቅቷል። ቁልፏን ጋሼ አንገታቸው ላይ፣ ከማዕተባቸው ጋር በአንድ ክር አሰሯት። እትዬ «ቄሱ ሲያዩ ምን ትላቸዋለህ?» ቢሏቸው፣ «የመንግሥተ ሰማያት ናት እላቸዋለሁ» አሉ።

በየወሩ መጨረሻ ጋሼ ሣጥኑን ይዘው ወደ ጋራዡ ይመጣሉ። ስድስቱን ጎሬ ይነካሉ፤ ከዚያ እኔ እነካለሁ። ብሩሹን ያስኬዳሉ፣ ጨርቁን ያዞራሉ። የሞተር ዘይት የሚሉት ነገር ተረስቷል፤ ግን አሁንም ጠብታ ያበዛሉ፤ ጨርቁን ተቀብዬ እጨምቀዋለሁ።

እትዬ ወዲያው አላመኑም። ከዚያ በኋላም ለብዙ ጠዋት ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። «እኔ ነኝ!» ይላሉ፤ ከመኝታ ቤቱ ጋሼ፣ «ማን ልትሆኚ ኖሯል? ግቢ!» ብለው ይጮኻሉ። አንድ ሁለቴ ንግግሩ ወደ ቁርስ ጉዳይ ዞሮ ቤቱን ሙሉ ቀስቅሶታል።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልሰማሁም። እጄ ክሩ ላይ እንዳለ ቆመች። በሬን ከፈት ሳደርግ እትዬ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በካልሲ ኮሪደሩ መሀል ደርሰዋል። አዩኝ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ በለሆሳስ እንኳ ሳይናገሩ፣ ወደ መኝታ ቤቱ አለፉ።